መስመሩን ያዞረው ግዛቸው

የግዛቸውን መሞት የነገረኝ ቦይ ውስጥ የተንበረከከ ሰው ነው። ንፋስ መውጫ ገበያ ውዬ ስመለስ አንድ ጎልማሳ ከመንገዱ ዳር ጉድጓድ ከፍቶ፣ በጥቁር ጎማ የተሸፈነች መስመር ሲቀጥል አየሁ። መስመሯን አውቃታለሁ። ችካሏን በትከሻዬ ተሸክሜአለሁ። አልፌ መሄድ አቃተኝ።

«እንዴት ዋልክ ልጄ? ግዛቸው ደህና ነው?» አልኩት።

«የቱ ግዛቸው?»

«ኢንጂነሩ ነዋ! ይቺን መስመር ያወጣት።»

ሰውዬው መቁረጫውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «አባባ፣ አልሰሙም እንዴ? ኢንጂነር ግዛቸው እኮ አረፈ። ታሞ ብዙም አልቆየ።»

«ዋሽተሃል» አልኩት።

«በሞት ማን ይዋሻል አባባ?»

«እንግዲያው ተሳስተሃል።»

አልተሳሳተም። የት እንደታመመ፣ የት እንደተቀበረ፣ ማን ማን እንደሸኘው አንድ በአንድ ነገረኝ። እኔ ግን አህያዬን እየነዳሁ ከከተማው እስክወጣ ድረስ በልቤ ስሟገተው ነበር። እንዲህ ነኝ፤ ያልወደድኩትን ነገር ቶሎ አላምንም።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ጽሕፈቴ እንደ ሰካራም መንገድ ይወላገዳል። ቢሆንም ያላየው ሰው አሳምሮ ከሚጽፈው፣ ያየሁት እኔ ልጻፈውና ይወላገድ።

ግዛቸው ወደኛ የመጣው ገብሱ ዘለላ አውጥቶ፣ ጉሙ ግን ገና ከአገር ያልወጣ ጊዜ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር አስጠራኝና፣ «አያ ደሴ፣ የማንንም ወሰን የምታውቅ አንተ ነህ። ይህን ልጅ ምራው። ችካሉንም ያዝለት» አለኝ። ዞር ብዬ ባየው ረጅም፣ ቀጭን ወጣት ቆሟል። አንገቱ ወደ ግራ ዘመም ያለ ነው። ከጎኑ አጭር ሰው አብሮት እየሄደ የሚያዋየው ይመስል፣ ሁልጊዜ ጆሮውን ወደ ታች ሰጥቶ ነው የሚራመድ።

የኛ አገር ውሻ ቄስ እንኳ አይምርም። እሱን ግን አንድም ውሻ ጮኾበት አላየሁም። ከሩቅ እየሮጠ የመጣ ውሻ ሲደርስበት ዝም ይላል፤ ጅራቱን እግሩ ውስጥ ከቶ፣ ዞር ብሎ ያሳልፈዋል። ለሊቀ መንበሩ ብነግረው፣ «የከተማ ሳሙና ሸትቷቸው ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ሳሙናማ እኛም ቤት አለ።

ሥራው መስመር መምረጥ ነው። ኢንተርኔት የሚሉትን ነገር በምድር ውስጥ ለማምጣት፣ በየት ቢያልፍ ይሻላል የሚለውን እሱ ነው የሚወስነው። የመጀመሪያው ቀን፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን፣ ከቦርሳው አንዲት ክር አወጣ። ከፀጉር አትወፍርም።

«ይህች መስታወት ናት» አለኝ።

«መስታወት ይሰበራል።»

«ይሰበራል። ለዚህ ነው የምትጠቀለለው።»

«መስታወት ምድር ቀብሮ አገር አገናኛለሁ የሚል ሰው ዛሬ አየሁ» አልኩት። ሳቀ። አንዱን ጫፍ ከትንሽ መሣሪያ ጋር አገናኘና ሌላውን ጫፍ ወደ መዳፌ አዞረው። በዓይኔ እንዳላየው አስጠነቀቀኝ። መዳፌ ላይ ደም የመሰለች የብርሃን ነጥብ አረፈች። ክሩ ጥምዝምዝ ብሎ መሬት ላይ ተጥሏል፤ ብርሃኑ ግን መጠማዘዙን ሁሉ ተከትሎ ደርሷል። እጄን ሰበሰብኩ። አልወደድኩትም።

«ወሬውን የምትሸከመው በዚህ ነው አባቴ። አሁን ጥያቄው እንዴት እንዘርጋት ነው። እንደ ዛፍ ላወጣት እችላለሁ። ግንዱ ከንፋስ መውጫ ይነሳል፤ ቅርንጫፉ ወደየቦታው ይሄዳል። ቀላል ነው። ግን ግንዱን አንድ ቦታ ዶማ ካገኘው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጨልማል። ወይ ደግሞ ቀለበት አደርጋታለሁ። ወደ ስማዳ ትወርድና በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ በኩል ዞራ ትመለሳለች። በዚህ ብትቆረጥ በዚያ ይደርሳል።»

«ሁለት በር ያለው በረት በለኛ!»

«እንዴት?»

«ጅብ በአንዱ ሲገባ ከብቱ በሌላው ይወጣል።»

«እሱ ነው! ለአለቃዬ እንዲህ ብዬ ነው የምነግረው።»

«ሁለት በር ሁለት ጅብ ያስገባልም በለው» አልኩት። እንደገና ሳቀ። ሲስቅ የሌላ ሰው ልጅ ይመስላል። «አንድ መንገድ ብቻ ያለው ሰው እስረኛ ነው» የሚለውም ነገር ነበረው። ስንሄድ ስንመለስ ይላታል።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ በላይ ጋይንት በኩል፣ አንድ ገብስ ማሳ ጠርዝ ላይ ነው። እየተራመደ ሳለ ድንገት ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ የማሳውን ባለቤት «እዚህ ማን አለ?» አለው።

ልብ በሉ፤ ምን አለ አላለም። ማን አለ ነው ያለው።

ገበሬው ቀልደኛ ነው። «በሬዬ አለ፣ እኔ አለሁ፣ ይኸው አንተም መጣህ» አለው።

ግዛቸው አልሳቀም። መሬት መሬቱን እያየ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «እሺ» አለ። ለገበሬው አይደለም። ለእኔም አይደለም። ከዚያ ችካሉን ነቅዬ ወደ ታች አርቄ እንድተክለው ነገረኝ።

ገበሬው ምሳ ብሉ አለንና ገባን። መደብ ላይ ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ አባቱ ተጋድሟል። ልጅየው እየሳቀ፣ «አባዬ፣ ይሄ ኢንጂነር እኮ ማሳችን ውስጥ ማን አለ ብሎ ጠየቀኝ» ቢለው፣ ሽማግሌው ከተጋደመበት ተነስቶ ተቀመጠ።

«በግራሯ በኩል ነው?»

«አዎ አባዬ።»

«ወታደሩ ነዋ። በጦርነቱ ጊዜ እኔና አጎትህ ነን የቀበርነው። ከየትኛው ወገን እንደሆነ እንኳ አላወቅንም። ለሰው አልተናገርንም። ማን ነገረው?»

ልጅየው መሳቁን ተወ። ግዛቸው ብቻ ሽማግሌውን ጠጋ ብሎ፣ «ስሙን ያውቁት ነበር?» አለ።

«አላወቅንም ልጄ።»

«እሺ» አለና እጁን ታጠበ።

መንገድ ስንጀምር አፍ አውጥቼ ጠየቅኩት። «ጠንቋይ ነህ?»

«አይደለሁም አባቴ። ኢንጂነር ነኝ።»

«ታዲያ ማን ነገረህ?»

«አንድ ጊዜ ሌላ አገር ሳልጠይቅ አስቆፍሬ ነበር» አለ። ምን እንዳገኘ እስኪነግረኝ ጠበቅኩ። እሱ ግን ችካሉን ከትከሻዬ ተቀብሎ ቀደመኝ። እኔም የሰው ቁስል አልነካካም።

የኛ ቀበሌ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም አለፍ ብሎ፣ ወደ ስማዳ በሚወስደው በኩል ነው። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ዐለት የለበሰ ጋራ አለ። በሁለቱ መሀል ጠበብ ብሎ የሚያልፍ የሣር መሬት አለ፤ ጥጉ እንለዋለን። ጥጉ አይታረስም። ከብትም አይሰማራበትም። ሴቶች በዚያ ሲያልፉ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ሲርቁ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። በልጅነቴ ሳየው፣ አድጌም ሳየው ኖሬአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኛ አገር ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ሕፃን ፍትሐት የለውም። ወንዱ አርባ፣ ሴቷ ሰማንያ ቀን ሳይሞላቸው ከሞቱ ዐፀደ ቤተ ክርስቲያን አይገቡም። ልቅሶ አይቀመጡላቸውም። እናት ወይም አያት በጨርቅ ጠቅልላ ትወስዳለች። ወንድ አይከተልም። ድንጋይ አይቆምም። ስትመለስ «የት አደረግሽው?» የሚል የለም። ጥጉ ያ ቦታ ነው። ወንዶቹ የሴቶች ቦታ ነው ብለን እናልፋለን። ከዚያ በላይ አናውቅም፤ ለማወቅም አልፈለግንም።

ለመስመሩ ደግሞ ከጥጉ የተሻለ የለም። አጭር ነው፣ አፈሩ ለስላሳ ነው። ጥጉን ትቶ መዞር ማለት ጋራውን መዞር፣ ዐለት እየፈለጡ መሄድ ማለት ነው።

ጥጉን ለመለካት የወጣን ዕለት ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ እየወጣ ነበር። እኔ የመለኪያውን ጫፍ ይዤ በዚህ ቀረሁ፤ ግዛቸው ሌላውን ይዞ ገባ። ወዲያው ጉሙ ዋጠው። ድምፁን ብቻ እሰማለሁ። ጥቂት ይራመድና ይቆማል። «እሺ» ይላል። ደግሞ ይራመዳል። «እሺ።» ደግሞ «እሺ።» ሰው ቤት ገብቶ በየተራ ሰላም እንደሚል። መለኪያው እጄ ላይ ይሳባል፣ ይቆማል፣ ይሳባል። ወፍ እንኳ አይጮኽም።

«ግዛቸው!» ብዬ ጠራሁት።

ከዚያ ከጉሙ ወጣ። ባርኔጣው በእጁ ነው። በዚያ ብርድ ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

«አባቴ፣ እዚህ ብዙ ናቸው» አለኝ።

«እነማን?»

«ትንንሾች ናቸው።»

መለኪያውን ጣልኩት። እሱ ጎንበስ ብሎ አነሳውና ጠቀለለው። ለዚህ ልጅ ስለ ጥጉ ያወራለት ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ከመጣ ጀምሮ ከአጠገቡ አልተለየሁም። ብለየውም ማን ያወራለታል?

ችካል አልተከልንም። ግን ነገሩ በሱ ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አለቃው በመኪና መጣ። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ሞላ ያለ ሰውዬ ነው። ክፉ አልነበረም፤ የሥራ ሰው ነው።

«ግዛቸው፣ ቀለበቱን ተቀብዬሃለሁ። ይሄን ዙር ግን በምን ልቀበልህ? ለስላሳ መሬት ትተህ ዐለት ልታስፈልጠኝ ነው። ምክንያት ስጠኝ።»

«ሰው አለበት።»

«ቤት የለበትም፣ መቃብር የለበትም፣ የምን ሰው?»

ግዛቸው ወደ ጥጉ ብቻ አየ። አለቃው «እንግዲያው ባላገሩን እጠይቃለሁ» ብሎ ሰዉን ሰበሰበ።

አንዱ ተነስቶ፣ «ጌታዬ፣ እባብ አለበት» አለ። ሌላው፣ «ወሰኑ ክርክር ላይ ነው» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ክረምት ውሃ ይተኛበታል» አለ። ቄስ ውበቱ ሲጠየቁ፣ «ከዐፀዱ ውጭ ነው። እኛ የምናውቀው ነገር የለም» አሉና መስቀላቸውን አገላበጡ። በመጨረሻ እኔን ጠየቀኝ።

«የሴቶች ቦታ ነው» አልኩ።

«ሴቶች ምን ያደርጉበታል?»

ለአፌ ልጓም የለኝም ይሉኛል። ያን ቀን ግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ግዛቸው ፊት ፊቴን ያየኛል። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

አለቃው ሳቀ። «እባብ፣ ክርክር፣ ውሃ፣ ሴቶች! አንድ ምክንያት እንኳ የላችሁም። በሉ፣ ነገ ጠዋት ይቆፈራል።»

በአንድ ውሸት ብንስማማ ኖሮ ያምነን ነበር። ግን ለውሸትም ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ስለ ጥጉ ደግሞ ተነጋግረን አናውቅም።

ማምሻውን ቤት ስገባ ባለቤቴ አበቡ ምስር ትለቅማለች። «ነገ ጥጉን ሊቆፍሩት ነው» አልኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተነሳች።

«አንቺ፣ ወዴት ነው?»

«መጣሁ።»

ከደጃፍ ደጃፍ ስትሄድ አየኋት። የትም አልገባችም። በየበሩ አንድ ቃል ተናግራ ታልፋለች። የምትነግራቸው ሴቶችም ምን እንዳለች አይጠይቋትም፤ ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ።

በማግስቱ ጉሙ ከቀደመውም ባሰ። ቆፋሪዎቹ የኛው አገር ወንዶች ናቸው፤ ዶማና አካፋ ይዘው ጥጉ አፍ ላይ ቆመዋል። አለቃው ሰዓቱን ያያል። ግዛቸው ከሁላችንም ራቅ ብሎ ቆሟል።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች። ማንንም ሳታይ በመሀላችን አለፈች፤ ጥጉ ውስጥ ገብታ ጥቂት ተራመደችና አንድ ቦታ ተቀመጠች። ከኋላዋ ሌላዋ መጣች። እሷም የራሷን ቦታ ፈልጋ ተቀመጠች። ከዚያ አሮጊት በምርኩዝ፣ ከዚያ ገና ያገባች ልጅ እግር፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አትንኩብን ያለች የለችም። ያለቀሰችም የለችም። አንዷም ቦታዋን ለመፈለግ አልተደናገረችም፤ ሰው ቤቱ ገብቶ መደቡ ላይ እንደሚቀመጥ ነው የተቀመጡት። ጥጉ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። በጉሙ ውስጥ ነጠላቸው ብቻ ነው የሚታየው።

ከቆፋሪዎቹ አንዱ፣ «እናቴ ናት እኮ» አለ። ሌላው፣ «ሚስቴ? የኛ መቼ ሞተ?» አለ።

አበቡም መጣች። እኔ የማውቀው አንድ ነው፤ የመጀመሪያችን። እሱ ያለበት የመሰለኝ ቦታ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሻሿን ከራሷ ፈታችና እጇን ዘርግታ ከአጠገቧ ሌላ ቦታ ላይ አነጠፈችው።

እኔ የማውቀው አንድ ነበር። ሁለተኛዋ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ በሄድኩበት ዓመት እንደሆነች በኋላ ነው የነገረችኝ። ለምን እስካሁን ደበቅሽኝ ብላት፣ «መች ጠየቅከኝ?» አለች።

ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ አንዲት ሴት ቆማ ቀረች። የሻረግ ናት። ጥጉ አፍ ላይ ቆማ፣ መሄጃ እንደጠፋው እንግዳ ወዲያና ወዲህ ታያለች። የሷን ነገር አገሩ ሁሉ ያውቃል። በክፉ ቀን፣ በረሀቡ፣ እህል ወደሚሰፈርበት ስትሄድ መንገድ ላይ ወደቀች። ታቅፋው የነበረው ጨቅላ በእቅፏ ሞተ። አንዲት ጎረቤቷ ተቀብላት፣ «እኔ ጥጉ አደርግልሻለሁ» አለቻት። የሻረግን ወደ ሕክምና ተሸክመው ወሰዷት። ስትድንና ስትመለስ ጎረቤቷ ራሷ በረሀቡ ሞታ አገኘቻት። የት እንዳደረገችው የሚነግራት ሰው ጠፋ። እንዲያውም ጎረቤቷ አቅም አጥታ እስከ ጥጉ አልደረሰችም፣ መንገድ ላይ ጥላው ነው የሚሉ ነበሩ። የሻረግ ይህን ሁሉ ዘመን ጥጉን ስታልፍ ዓይኗን የምታሳርፍበት አልነበራትም።

ግዛቸው ወደሷ ሄደ።

«እማማ፣ የርስዎስ?»

«አላውቀውም ልጄ። ሰው ነው የቀበረልኝ። ይኑር አይኑርም አላውቅ።»

ባርኔጣውን አወለቀ። በሴቶቹ መሀል፣ እግሩን እየመረጠ፣ ወደ ገደሉ በኩል ሄደ። ሣር ብቻ ያለበት ቦታ ላይ ቆመ። ያን ቦታ አውቀዋለሁ፤ በዚያ በጉሙ ቀን ከሁሉም አብልጦ የዘገየበት፣ መለኪያው እጄ ላይ ከሁሉም ረዝሞ የቆመበት ርቀት ነው።

«እዚህ ማንም አልተቀመጠም» አለ።

«ባዶ ቢሆን ነዋ» አለች የሻረግ።

«ባዶ አይደለም።»

እነዚያ ሴቶች ጉልበታቸውን እየሰበሰቡ መንገድ ለቀቁላት። ደረሰች። ሣሩን በመዳፏ ዳሰሰችው። ተቀመጠች። ከዚያ አጎንብሳ፣ በደረቀ ዕድሜዋ፣ ሁለት ጡቶቿን በእጆቿ ያዘች። የሰማሁትን ድምፅ ልቅሶ ልለው አልችልም። ቄስ ውበቱ ከኋላችን መምጣታቸውን ያየሁ ያን ጊዜ ነው። ጥጉ ዳር ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚሉ አልተሰማም።

አለቃው መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑን ሳየው ወጣት ነው።

«ይህ ሁሉ?» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ግዛቸው፣ በጋራው አዙረው።»

ዐለቱን የፈለጥነው ባሎቹ ነን። ማንም አላዘዘንም። አንዱ መዶሻውን አሳርፎ ሌላውን፣ «አንተ ስንት አለህ?» ይለዋል። «አንድ።» «እኔ ሦስት፤ ትናንት ነው የሰማሁ።» እንዲህ እየተባባልን ነው ጋራውን ያዞርነው። መስመሩም አልከዳንም። አንድ ጊዜ በንፋስ መውጫ በኩል ግሬደር በጥሶት፣ እዚያ ያሉት ሲጨነቁ፣ የኛ በእስቴ በኩል ዞሮ ሲሠራ ዋለ።

ግዛቸው ወደ እስቴ ሊሻገር በተዘጋጀበት ዕለት አብሬው ወጣሁ። ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ነበር። ቆርቁሮኝ የምተወው ነገር የለም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አትዋሸኝ» አልኩት።

«ይጠይቁኝ አባቴ።»

«የየሻረግን ቦታ አውቀኸው ነው? ወይስ አዝነህላት ነው?»

ቆመ። አንገቱን ዘመም አድርጎ አየኝ። የሚስቅ መሰለኝ፤ አልሳቀም። የሚመልስልኝ መሰለኝ። ከኋላችን መኪናው ጥሩምባ ነፋ።

«ስመለስ እነግርዎታለሁ» አለኝ።

በኛ በኩል የሚያስመልስ ሥራ አልገጠመውም። እሱ ወዳለበት ወደ መካነ ኢየሱስ ሰው ሲሄድ ሰላምታ እልክበታለሁ፤ ሰላምታ ይመልስልኛል፤ ያን መልስ ግን በሰው አልላከውም። እኔም በሰው አላስጠየቅኩም። እንደሱ ያለ ነገር አፍ ለአፍ ነው። እናም ያ ቦይ ውስጥ የተንበረከከ ሰው ሞቱን ነገረኝና መልሱ አብሮት እንደተቀበረ አወቅሁ።

ከንፋስ መውጫ በተመለስኩ በማግስቱ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ዶማዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ ጥጉ ሄድኩ። አበቡ የት ነው አላለችኝም። ጉም የሚባል የለም፤ በጋ ነው፣ ሣሩ ቢጫ ሆኗል። አንድ ክንድ ያህል ብቆፍር ይለይለታል። ካለ አለ፣ ከሌለም የለም። እሱ ከሞተ የሚነግረኝ መሬቱ ብቻ ነው አልኩ።

የሻረግ እዚያ ናት። እንዝርቷን ይዛ ትፈትላለች። በዚያን ሰዓት ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዶማውን አየችው።

«አያ ደሴ፣ በበጋ ምን ልትቆፍር ነው?»

«ግዛቸው ሞተ አሉ።»

እንዝርቱ ተሽከርክሮ እስኪያበቃ ጠበቀች። «ነፍሱን ይማር» አለች።

«ጠይቄው ነበር። ሳይመልስልኝ ሄደ።»

«ምን ብለህ?»

«እዚህ ያለው ያንቺ ስለመሆኑ። ስለመኖሩም።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አላጣም። እሷ ግን ጥጧን ሰበሰበች። ቀስ ብላ ተነሳች፣ ቦታውን ለቀቀችልኝ። ወደ ገደሉ ዞራ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች።

ዶማውን ከትከሻዬ አወረድኩ። እጀታውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ነፋስ የለም። ዙሪያው ያለው ሣር ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እሷ ከተነሳችበት ቦታ ያለው ሣር ግን ቀስ እያለ፣ ሰው ተኝቶ ሲተነፍስ እንደሚሆን፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ተቀምጣበት ስለነበረ ነው፤ የተጫኑት ሣር ይነሳል። ይህን አውቃለሁ። ገበሬ ነኝ። ግን ከፍ ብሎ አልቀረም። መልሶ ዝቅ ይላል።

የሻረግ ሳትዞር፣ ከጎኗ ላለ ሰው እንደምትናገር ድምፅዋን ዝግ አድርጋ፣ «ስትቆፍር ቀስ በል አያ ደሴ» አለችኝ። «ገና አሁን ነው የተኛው።»

ጋቢዬን ከላዬ አወለቅኩ። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ ብረቱ ሲነካው ይጮኻል። ዶማውን በጋቢው ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ ተመለስኩ።